የጣውላው ፒክአፕ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «አንቱ ካልሽኝ መልስ አልጽፍልሽም» ስላልሽኝ ይኸው አንቺ እያልኩሽ ነው። እጄ ግን ቶሎ እሺ አላለኝም። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ አንቱና አንቺ ተቀላቅለውብኝ እንደገና ገልብጬዋለሁ።

ስልክ ላይ ለምን እንደማልቀርብ ደግሞ ጠይቀሽኛል። ተቀይሜሽ አይደለም። ስልኩን ሲሰጡኝ አፌ ይያዛል። በዚያ በኩል ሰው እየጠበቀኝ መሆኑን ሳስብ ያዘጋጀሁት ሁሉ ይጠፋብኛል። ወረቀት አይቸኩልም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለ ቁም ሳጥኑ የሰማሽው እውነት ነው፤ ሰው እንዳጋነነው ግን አይደለም። እንደምታውቂው የእኛ ፒክአፕ ትንሽ ስለሆነች አባዬ የሚሠራው ትልቅ ቁም ሳጥን ተጋድሞ አይገባባትም። ቆሞ ነው የሚሄደው። ቆሞ ሲሄድ ደግሞ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ቀለም ቀቢው ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና በሩን ይዞ ይሄዳል። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ያን ቀን ግን ቀቢው እንቅልፍ ወሰደው። አባዬም ረሳው። ቁም ሳጥኑን ከደንበኛዋ ወንድሞች ጋር ተሸክመው፣ «ምን ዓይነት እንጨት ቢሆን ነው እንዲህ የከበደው!» እያሉ መኝታ ቤት አስገቡት። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍተው ቀቢው ዓይኑን እያሸ «ደረስን እንዴ?» አላት። ሴትዮዋ አሁን ደህና ናት። ቁም ሳጥኑን ግን አልፈልግም ብላለች።

ከዚያ ወዲህ አባዬ የሚያወራው ስለ አንድ ትልቅ ፒክአፕ ብቻ ነው። የእኛን ሰጥቶ ትልቁን ማምጣት ይፈልጋል። ግማሹ ያንቺ ስለሆነ ያለ አንቺ ፈቃድ አይቀይርም። «አንቺ ጽሑፍ ታውቂያለሽ፣ አሳምኚልኝ» ብሎ ጀርባዬ ላይ ቆሞ ያጽፈኛል። በትልቁ ቁም ሳጥን ተጋድሞ ይሄዳል። አልጋ ሳይፈታ ይጫናል። ጋቢናው ውስጥ ቤተሰብ በሙሉ ይቀመጣል። ናፍጣ ደግሞ «ብዙም አይጠጣም»። እማዬ ከኩሽና ሆና «ብዙም ማለት ስንት ነው?» ስትል አባዬ «ይህን አትጻፊ» አለኝ። አሁን ወደ መጋዙ ስለሄደ ጽፌዋለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አለች። ትልቁ ፒክአፕ በግቢያችን በር አይገባም ይሆናል። በሩን ለማስፋት በአንድ በኩል የልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ነው፤ እሱ አይነካም። በሌላው በኩል አንድ ክፍል አለ። ትንሽ ክፍል ነው። አባዬ «እሱ ምን ችግር አለው፣ ወዲያው ይፈርሳል» ይላል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። እማዬ ሰላም ብላሻለች።

የወንድምሽ ልጅ


ጥቅምት 14

ለእኔ ጭጭ፣

ቀቢው «ደረስን እንዴ?» ያለው ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ ሻዩን እንግዳዬ ላይ ደፋሁት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ምንም አላለኝም። ሱሪውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት። የእንግዳ ማረፊያ የያዘ ሰው ያንቺን ደብዳቤ ቆሞ ማንበብ የለበትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «አንድ ክፍል አለ፣ ትንሽ ክፍል ነው» ብለሽ አልፈሽዋል። ጭጭዬ፣ እኔ እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ያደግኩት። ከበሩ አጠገብ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ስመጣ ውስጡ አልጋሽ፣ ሰማያዊ መጋረጃሽና ያ ያልጨረስሽው ሹራብ ነበሩ። የማን ክፍል ነው የሚፈርሰው? አንድ መስመር ትበቃኛለች።

አባትሽ በስልክ ከሚጮህብኝ ያንቺ ዝምታ ይሻለኛል። እኔ ራሴ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። መንዳት የተማርኩት በትንሿ ነው። በግራ ጎኗ ያለው ጎድጓዳ ፊርማዬ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷን ለማያውቃት ሰው መስጠት ይከብደኛል። በሌላ በኩል ለማረፊያዬ አልጋ ያዘዝኩት ወንድሜን ነው። በትንሿ ከተመላለሰ አልጋዎቹ ሲደርሱኝ እኔ አርጅቼ ራሴ እተኛባቸዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ብያለሁ። በመኪናው ላይ ያለኝን ድምፅ ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ። «ይቀየር» ካልሽ ይቀየራል፤ «አይቀየር» ካልሽ አይቀየርም። ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። «እሷ እኮ አትናገርም!» አለኝ። «እንግዲያው ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ» አልኩት።

እሱ የሚያጽፍሽን አንብቤዋለሁ። አሁን የምጠብቀው ያንቺን ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆንም ይበቃኛል።

አክስትሽ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለአክስቴ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ሁለተኛውም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አልታመምኩም። እየጀመርኩ ስቀድ ነው የቆየሁት።

አዎ፣ ክፍሉ የእኔ ነው።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ «ያንቺ ከሆነ ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» ብለሽኛል። አባዬ የጠየቀኝ «ሳሎን ብትተኚ ይሞቅሻል፣ አይደል?» ብሎ ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሳሎን እውነትም ይሞቃል። ያልተጠየቅኩትን ምን ብዬ ልመልስ?

ክፍሌን ስለምታውቂያት ብዙ አልነግርሽም። የቫርኒሽ ማስቀመጫ ስለነበረች ፀሐይ ሲመታት አሁንም ትሸታለች። ለምጄዋለሁ። መስኮቷ በበሩ መግቢያ ላይ ነው። እዚያ ቆሜ መንገዱንም ግቢውንም አያለሁ፤ እኔን የሚያየኝ የለም። ጠዋት አባዬ ሲወጣ የፒክአፗ ስፖኪዮ በመስኮቴ ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል። ያኔ ለአንድ አፍታ የራሴን ፊት አየዋለሁ። ፀጉሬ ቆሞ፣ ዓይኔ አብጦ፣ መስታወቱ ውስጥ ነኝ። ከዚያ መኪናው ይሄዳል። ቀኔ የሚጀምረው በዚያ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አንቺም አትንገሪ።

ድምፁን ለእኔ በመስጠትሽ ተጨንቄያለሁ። አባዬ ብርቱካን በተላጠ ቁጥር ትልቁን ለእኔ ይሰጠኛል። «ጭጭ ምን አሰበች?» ይለኛል። እኔ ብርቱካኑን እበላለሁ። ሁለተኛ ይጨምርልኛል። እማዬ «ልጅቷን በብርቱካን ልትገዛት ነው?» ትለዋለች።

ትልቁ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። አልጋ ፈታትቶ መጫን፣ እዚያ ደርሶ እንደገና መግጠም ወገቡን ጨርሶታል። ከወንበር ሲነሳ ጠረጴዛውን ይዞ ነው። «አይቀየር» ካልኩ ክፍሌ ውስጥ የምተኛው በእሱ ወገብ ላይ ይሆናል። «ይቀየር» ካልኩ ደግሞ ክፍል የለኝም።

እማዬ ግን «ከማፍረስህ በፊት በሩ መጥበቡን አረጋግጥ» አለችው። መካኒኩ ጋ ለጥገና የመጣ ትልቅ ፒክአፕ ነበር፤ አባዬ ሄዶ ለካው። ከዚያ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እያየ አላመነውም። እንጨት ካልሆነ ምንም ነገር አይገባውም። ስለዚህ አሁን ግቢው ውስጥ የትልቁን ፒክአፕ ልክ በቀጫጭን ሞራሌ እየሠራው ነው። ጋቢናውን፣ የጭነቱን ቦታ፣ መሪውን ሳይቀር። ሲያልቅ ተሸክመው በበሩም በመንገዱም ሊሞክሩት ነው። ቀቢው ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀባው ጠይቋል።

አንድ ዓረፍተ ነገሬን ገና አላገኘሁትም።

ጭጭ


ኅዳር 5

ጭጭዬ፣

እናትሽ ደውላ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማሁት ሳቅ ነው። በመሃል «ትራፊክ»፣ «መንጃ ፈቃድ» እና «ልጄን» የሚሉ ቃላት ለይቻለሁ። ከዚያ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል አባትሽ አነሳና «ሥራ ላይ ነን» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከድንጋጤዬ የተነሳ ቁርስ የበሉ እንግዶችን እንደገና ቁርስ አበላሁ። ደግነቱ አንዳቸውም አላስታወሱኝም።

ማን ታሰረ? ቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 9

ይድረስ ለአክስቴ፣

ማንም አልታሰረም። ስላስጨነቅንሽ ይቅርታ። እንዴት እኔ እዚያ ውስጥ እንደገባሁ ግልጹን ልንገርሽ።

አባዬ የሞራሌውን ፒክአፕ ከፊት ያዘ፣ ቀቢው ከኋላ። ከበሩ በደንብ ወጡ፤ ዋናው ፈተና ግን መግባቱ ነው። ከዚያ አባዬ «ሹፌር ያስፈልጋል» አለ። ከመሪው ቦታ ሆኖ መታጠፊያው ይታይ እንደሆነ የሚናገር ሰው ማለቱ ነው። እማዬ በሳቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቀርታለች። «ጭጭ፣ አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ግቢ» አለኝ። አክስቴ፣ እኔ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሰው እስኪቀንስ የምጠብቅ ልጅ ነኝ። ግን ገባሁ። መሪውን ይዤ እየተራመድኩ ነዳሁ።

ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። አንዲት አሮጊት ከኋላ ሊሳፈሩ ሞከሩ፤ «እስከ ገበያ ታደርሱኛላችሁ?» አሉ። ልብስ ሰፊዋ የሱቋን ሸራ ስንነካባት መቀሷን ይዛ ወጥታ «አሳጥራለሁ! ሸራውን ላሳጥር ወይስ እናንተን?» አለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው መታጠፊያ በአንዴ አይዞርም፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ነው የዞርነው። አባዬ ይህን «ችግር» ሳይሆን «ልምድ» ነው ያለው። ጣውላ መሸጫው ግቢ ግን በደንብ ይገባል።

ስንመለስ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አነሳ። ቆምን።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፒክአፕ ነው» አለ አባዬ።

«ሞተሩስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ቀቢው ከኋላ፣ እያለከለከ።

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ እኔን አየኝ። «ይቺስ? መንጃ ፈቃድ አላት?»

እኔ መሪውን ብቻ አጥብቄ ያዝኩ። አባዬ «ልምምድ ላይ ናት» አለ።

ፖሊሱ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ለዚህ የሚሆን ቅጣት ያጣ ይመስለኛል። «ቀኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስትታጠፉም እጅ አሳዩ» ብሎ ለቀቀን። ለመታጠፍ እጄን አወጣሁ። ሰዉ አጨበጨበ።

ስንገባ በሩ ላይ በዚህም በዚያም ጎን የአንድ ጣት ክፍተት ተረፈ። አንድ ጣት ብቻ፣ ግን ተረፈ። አባዬ ሞራሌውን ለቆ እማዬን አቀፋት። ቀቢው ብቻውን ይዞ ሲንገዳገድ ማንም አላየውም። አባዬ «ክፍልሽ ዳነች!» አለኝ። ያቺን ክፍል የእኔ ብሎ ሲጠራት ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ደብዳቤው እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለመካኒኩ ሊያሳዩት ተሸክመውት ሲወጡ እኔ እንደ ልማዴ መስኮቴ ላይ ነበርኩ። በመስኮቴ ሥር አለፈ። ሳላስበው ፊቴን ጠበቅኩ። ፊቴ አልመጣም።

አክስቴ፣ ስፖኪዮ የለውም። አባዬ መኪናውን የለካው እንደ ቁም ሳጥን ነው። ቁም ሳጥን ሲለካ እጀታውን አይቆጥርም፤ እኔ ራሴ ሜትር ስይዝለት አይቻለሁ። የትልቁ መኪና ስፖኪዮ ደግሞ በየጎኑ ከስንዝር በላይ ይወጣል። እኛ ያለን አንድ ጣት ነው። ማንም አላየም። መካኒኩም ቀለሙን እያደነቀ ነበር፤ ቀቢው ቀብቶታል።

አባዬ ከሻጩ ጋር ለወሩ መጨረሻ ተቀጣጥሯል። ከተናገርኩ ክፍሌ ትፈርሳለች። ዝም ካልኩ ትንሿ ትሄዳለች፣ ትልቁ መጥቶ በር ላይ ይገተራል። ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነበር። አሁን ግን አባዬ እያፏጨ በፊቴ ባለፈ ቁጥር ዝምታው ይከብደኛል። እባክሽ እንዳትነግሪው። ምን ላድርግ?

ጭጭ


ኅዳር 15

ጭጭዬ፣

አልነገርኩትም። ግን ደውዬለት ነበር፣ መቼም ሰው ነኝ። ምላሴን ነክሼ ስለ ዝናብ ጠየቅኩት። አልዘነበም አለኝ። እዚህም አልዘነበም አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። «እታለም፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ ስጮህበት ስለኖርኩ ዝምታዬ አስደነገጠው።

ምን ላድርግ ብለሽኛል። እኔ ብሆን ገና ድሮ ጮኼ ሰፈሩን አነቃው ነበር። አንቺ ግን እኔን አይደለሽም፤ ባትሆኚም ደስ ይለኛል፣ አንድ እኔ ለቤተሰቡ ይበቃል። ድምፁን ሰጥቼሻለሁ፤ የሰጠሁትን መልሼ አልቀማም። እንዴት እንደምትናገሪ አንቺው ታገኚዋለሽ። ብቻ ትንሿ ከመሄዷ በፊት ይሁን።

እዚህ ማረፊያው ውስጥ መስኮት ያለው ክፍል ሁልጊዜ አለሽ። ይህን የምልሽ እንድትመጪ ሳይሆን እንዳትፈሪ ነው።

አክስትሽ


ኅዳር 24

ይድረስ ለአክስቴ፣

ተናግሬያለሁ። መጀመሪያ ግን በአፌ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ሲያርፉ ከወለሉ ላይ ቁርጥራጭ እንጨት ለቅሜ ሁለት ስፖኪዮ ሠራሁ። በልኩ ነው የሠራሁት፤ መካኒኩ ጋ በቆመው ትልቅ ፒክአፕ አጠገብ ሳልፍ በስንዝሬ ለክቼ ነበር። ጠርዙን ላግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ በሞራሌው ፒክአፕ በሁለቱም ጎን በምስማር መታሁት። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ መጋረጃዬን ዘጋሁ።

አባዬና ቀቢው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት በበሩ መውጣትና መግባት ይለማመዱ ነበር። አባዬ በአፉ ሞተር እያስነሳ። በማግስቱም ተሸክመውት መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ቋ!» አለ።

«ምን ነካው?» አለ አባዬ።

«ትናንት ወጥቶ ነበር እኮ» አለ ቀቢው። «ወፍሯል እንዴ?»

«አንተ ነህ አጣመህ የያዝከው!»

«እኔ? እኔ ሞተር ነኝ፣ መሪው ያለው አንተ ጋ ነው!»

አክስቴ፣ ስፖኪዮውን አላዩትም! ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና መጡ። ቋ! አባዬ «በኃይል ግፋ!» አለ። የእኔ ስፖኪዮ መሰንጠቅ ሲጀምር መጋረጃውን ገልጬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣

«አባዬ ቁም! ስፖኪዮ ረስተሃል!»

አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። ዳቦ ቤቱ ጋ የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ «ማን ናት ይቺ?» ስትል ሰማኋት።

አባዬ ሞራሌውን አስቀመጠ። ስፖኪዮዬን ዳሰሰው። አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ፣ ልክ የቀቢውን ሥራ እንደሚያይ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ጠርዙን አሳምረሽዋል» አለ። ከዚያ ከበሩ ወደ ክፍሌ ተመለከተ፣ ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ወገቡን ይዞ። «ሳሎን ይሞቅሻል ስልሽ ራስሽን ነቅንቀሽልኝ ነበር።»

«ይሞቃል» አልኩት። «ግን ክፍሌ አይደለም።»

ይኸው አክስቴ፣ የጠየቅሽኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እማዬ እንኳ አልሳቀችም። በመጨረሻ መካኒኩ ጩኸቱን ሰምቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ነገሩን ሲነግሩት እኛን በየተራ እያየ «ስፖኪዮ እኮ ይታጠፋል» አለ።

«ምን?» አለ አባዬ።

«ይታጠፋል! በእጅ ገፋ ማድረግ ነው። እንደ ጆሮ።»

«ታዲያ እኛ ለምንድን ነው ያዘንነው?» አለ ቀቢው።

ሁሉም ሊስቁ ሲሉ አባዬ እጁን አነሳ። «ከታጠፈ እኔ በምን አያለሁ? በየጎኑ አንድ ጣት ነው ያለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ልግባ?» መካኒኩ «ከላይ ሆኖ የሚያይልህ ሰው ያስፈልጋል፤ ወደ መንገዱም ወደ ግቢውም የሚያይ» አለው።

አባዬ ቀና አለ። እኔ አሁንም መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በቀር ሁለቱንም የሚያሳይ ቦታ እዚህ ግቢ ውስጥ የለም። «ይህን ክፍል ባፈርሰው ኖሮ» አለ ለራሱ፣ «ማን ያይልኝ ነበር?» ከዚያ ለእኔ፣ «ግን መናገር አለብሽ። ጮክ ብለሽ። በየቀኑ። ትችያለሽ?»

ራሴን ልነቀንቅ ነበር። ተውኩት።

«እችላለሁ» አልኩ።

ስለዚህ ያንቺን ድምፅ እንዲህ ሰጥቼዋለሁ፤ ይቀየር።

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ ትንሿ ጠይቀሽኛል። የወሰዳት ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ጎድጓዳዋን ሲያይ «ይህስ?» አለ። አባዬ «እሱ የእኅቴ ነው» ብሎ በኩራት ነገረው። በመስኮቴ ሥር ስታልፍ ፊቴን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። ፀጉሬን አበጥሬ ነበር የጠበቅኳት።

ትልቁ ናፍጣ ይጠጣል። እማዬ «ብዙም» የሚለውን ቃል ከቤት አግዳለች። የአባዬ ወገብ ግን ተሽሎታል። ቀቢው ቁም ሳጥን ውስጥ መግባቱን አልተወም፤ አሁን ተጋድሞ ስለሚሄድ ይበልጥ ተመችቶታል። አባዬ ከማውረዱ በፊት በእጁ ያንኳኳል።

ትልቁ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ስፖኪዮው ስለሚታጠፍ ፊቴን አላይም። አባዬ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቀና ብሎ ያየኛል፣ እኔም እሱን አየዋለሁ። ገና አንድ ጊዜ ብቻ ነው ግድግዳውን የላጥነው፣ እሱም የልብስ ሰፊዋን ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ራሴ ሄጄ።

አልጋዎችሽ ሁሉም በአንዴ ተጭነዋል፤ ቅዳሜ ይደርሱልሻል። አባዬ ሲመለስ ባዶውን ከሚመጣ አንቺን ይዞ ይምጣ። ታዲያ በራችን ላይ ስትደርሱ «ወደ ግራ! ትንሽ! ቁም አልኩህ!» የሚል ጩኸት ብትሰሚ እንዳትደነግጪ። እማዬ ናት ወይ ብለሽም አባዬን እንዳትጠይቂው።

እኔ ነኝ።